ጫማውን ገልብጠው ይዩት፦ ጥሩ የወንድ ቆዳ ጫማ በምን ይታወቃል?

በዓል በዋለ ማግስት የበግ ቆዳ ከቆሻሻ ጋር ተጥሎ ማየት ከተለመደ ሰነባብቷል። ድሮ በየበሩ እየዞረ ይለምነን የነበረው ቆዳ ገዢ አሁን ቢጠሩትም አይመጣም። እዚያው ሰፈር ሱቅ ውስጥ ግን ለአንድ ደህና የወንድ ቆዳ ጫማ የሚጠራው ዋጋ ኪስ ያራግፋል። «ቆዳው ሜዳ ላይ ወድቆ ጫማውን ሰማይ ያወጣው ማነው?» የሚል ሰው ቢኖር አይፈረድበትም።

ጥያቄው ጥሩ ነው፤ መልሱ ግን ዋጋው ላይ አይገኝም። ውድ የሆነ ሁሉ ጥሩ አይደለም። ጥሩውን ከመጥፎው የሚለዩት ነገሮች ደግሞ አብዛኞቹ ከዓይን የተደበቁ ናቸው። ከቀለሙ ስር፣ ከገበሩ ውስጥ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሶሉ ከላዩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ ነው ያሉት።

ይህን ያህል ከብት እያለን የጫማ ቆዳ እንዴት ብርቅ ይሆናል?

መጀመሪያ ነገር፣ የተጣለው ቆዳና የምንጫማው ቆዳ አንድ አይደሉም። የኢትዮጵያ ደጋ በግ ቆዳ በዓለም ገበያ ስም ያለው ነው። ስስ ሆኖ ጠንካራ ስለሆነ ምርጥ የእጅ ጓንት ይወጣዋል። ለወንድ ጫማ ግን ይሳሳል፤ ቢበዛ ለገበር ይሆናል። የወንድ ጫማ በአብዛኛው የሚሠራው ከከብት ቆዳ ነው። ውድ የሚባለው ደግሞ ከጥጃ ነው። ጥጃ ብዙ ስላልኖረ ጠባሳው ትንሽ ነው፤ የፀጉር ቀዳዳዎቹም ጥቃቅን ናቸው።

እኛ አገር ግን ጥጃ የሚያርድ ገበሬ የት ይገኛል? በሬው ዕድሜውን ሙሉ ሲያርስ ኖሮ፣ ሲደክም ነው ወደ ቄራ የሚሄደው። እስከዚያ ድረስ ቀንበር አንገቱን ልጦታል፣ ጅራፍ ጀርባውን ተልትሎታል፣ እሾህ ጎኑን ጭሮታል። መዥገርና እከክም የየራሳቸውን ምልክት ትተውበታል። በመጨረሻ ደግሞ በችኮላ የሚገፍ ሰው ቢላውን አስቶ ቆዳውን ይበሳዋል። በከብት ብዛት ከአፍሪካ ቀዳሚ ሆነን ንጹሕ የጫማ ቆዳ የሚያጥረን በዚህ ምክንያት ነው።

እንዲህ ያለ ቆዳ ሲደርሰው ቆዳ ፋብሪካው የላይኛውን ፊት በማሽን ይፍቀዋል። ከዚያ ወፍራም ቀለምና ፕላስቲክ ነክ ሽፋን ይቀባዋል። በላዩም የቆዳ መልክ ያለው ንድፍ በማሽን ያትምበታል። ይህ ማጭበርበር አይደለም፤ በዓለም ሁሉ የሚሠራበት ነው። ችግሩ ኋላ ይመጣል። እግር ሲታጠፍ ቆዳው አብሮ ይታጠፋል፣ ሽፋኑ ግን ይሰነጠቃል። የተሰነጠቀውን ደግሞ ቀለምም ቅባትም አይመልሰውም። ስለዚህ አንዲት ነቁጥ የሌለበት፣ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ ርካሽ ጫማ ሲያዩ «ከስሩ ምን ተደብቋል?» ብለው ቢጠይቁ ጥሩ ነው።

«ሙሉ ቆዳ ነው» ሲባል ምን ማለት ነው?

ብዙም ማለት አይደለም። የከብት ቆዳ ወፍራም ስለሆነ ፋብሪካ ውስጥ በአግድም ለሁለት ይሰነጠቃል። የላይኛው፣ ፀጉር የበቀለበት ወገን፣ ጥቅጥቅ ያለና ጠንካራ ነው። የታችኛው ልል ነው። ይህ የታችኛው ንብርብር በፕላስቲክ ተለብጦ ሲሸጥም ቆዳ ነው፤ «ጄንዊን ሌዘር» የሚል ማኅተም ቢመታበት ውሸት አይባልም። ማኅተሙ ቆዳ መሆኑን እንጂ የትኛው ቆዳ መሆኑን አይነግርዎትም።

አውሮፓ ያላችሁ በዚህ ረገድ ትንሽ ዕድለኞች ናችሁ። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣ መመሪያ እያንዳንዱ ጫማ የላዩ፣ የገበሩና የሶሉ ነገር ከምን እንደተሠራ በምልክት እንዲለጠፍበት ያስገድዳል። የተገፈፈ ሙሉ ቆዳ ቅርጽ ያለው ምልክት ቆዳ ማለት ነው። በዚያው ቅርጽ ውስጥ አልማዝ መሰል ባለ አራት ማዕዘን ካለበት ግን ሽፋኑ ከ0.15 ሚሊ ሜትር በላይ የሆነ፣ የተለበጠ ቆዳ ነው። ብቻውን የቆመ ባለ አራት ማዕዘን ደግሞ ሌላ ቁስ፣ ብዙውን ጊዜ ሰው ሠራሽ ነው። ይህችን ትንሽ ተለጣፊ ስንቶቻችን ሳናያት ቀድደን እንደምንጥል ቤት ይቁጠረው።

እዚህ ደግሞ ላይተር የሚያወጣ ሻጭ አለ። እሳቱን ጫማው ላይ ለኮፍ ያደርግና «ይኸው፣ አልተቃጠለም፣ ቆዳ ነው!» ይላል። እውነት ነው፣ ቆዳ ቶሎ አይቀጣጠልም፤ ሲቃጠልም የፀጉር ሽታ ነው የሚሸተው። ግን ለአንድ ሰከንድ የተለኮፈ እሳት ደህና ስካይንም ላያቀልጠው ይችላል። የታችኛው ልል ንብርብርም ፈተናውን ያልፋል። ትዕይንቱ ያምራል፤ ስለ ጥራት ግን የሚነግርዎት ነገር የለም።

ከላይተሩ ይልቅ አውራ ጣትዎን ይመኑ። ጫማው ጣት በሚታጠፍበት ቦታ ላይ ቀስ አድርገው ይጫኑት። ጥሩ ቆዳ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠኑ መስመሮች ይወጣሉ፤ ጣትዎን ሲያነሱ ይጠፋሉ። ልል ቆዳ ላይ ደግሞ ወፍራም እጥፋት ይወጣል፣ ፊቱም ከስሩ የተላቀቀ ይመስላል። ይህ ምናልባት ከከብቱ ሆድ የተቆረጠ ነው። ጥሩ ቆራጭ የጫማውን ፊት ከጀርባው ያወጣል፣ የሆዱን ለማይታይ ቦታ ይተወዋል። ሁለቱን ጫማዎችም ጎን ለጎን አድርገው ይዩ። አንዱ ለስላሳ ሌላው ሸካራ ከሆነ ቆራጩ ቆዳ ሲቆጥብ ነበር ማለት ነው።

በእጅ የተሠራ ጫማ ሁሉ ጥሩ ነው?

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። መርካቶና አካባቢው ያሉትን ትንንሽ የጫማ መሥሪያ ቤቶች ያየ ሰው ያውቀዋል። አንዱ ይቆርጣል፣ አንዱ በመኪና ይሰፋል፣ ሌላው ይወጥራል። የሚወጥረው ጥቃቅን ሚስማሮችን ከንፈሩ መሃል ይዟል። የተሰፋውን ቆዳ የእግር ቅርጽ ባለው ፎርማ ላይ ያለብሰዋል፣ ጠርዙን በጉጠት ይዞ ወደ ታች ይስባል፣ በዚያው በጉጠቱ ጀርባ ሚስማሩን ይመታል። መጀመሪያ አፍንጫውን፣ ከዚያ ጎንና ጎኑን፣ ከዚያ ተረከዙን። እጁ ሲሮጥ ዓይን አይከተለውም።

ሙያው ዕድሜ ጠገብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ አርመኖች አዲስ አበባ ውስጥ የጫማ ፋብሪካ ከፈቱ። እዚያ የተማሩ ሰዎች ወጥተው የራሳቸውን ከፈቱ፤ የእነሱ ተማሪዎችም እንዲሁ። ዛሬ መርካቶ የምናየው የዚያ ልጅና የልጅ ልጅ ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ በእጅ ተሠርቶ፣ ሶሉ የሚያያዘው በአብዛኛው በማስቲሽ ነው። በሌላ በኩል የእንግሊዝ ጫማ መዲና በምትባለው ኖርዝሃምፕተን ከተማ፣ ከ100 ዓመት በላይ የቆዩ ስመ ጥር ፋብሪካዎች ሶላቸውን የሚሰፉት በማሽን ነው። የማሽኑ ስፌት ግን ሶሉን ለመቀየር ያስችላል፣ በእጅ የተለጠፈው ብዙውን ጊዜ አያስችልም። ስለዚህ «በእጅ ነው ወይስ በማሽን?» ከማለት «በምን ተያያዘ?» ማለቱ ይሻላል።

ሶሉ ከላዩ ጋር የሚያያዘው በምንድን ነው?

መንገዱ ብዙ ነው፤ ሦስቱን ካወቁ ይበቃል።

የመጀመሪያው ማስቲሽ ነው። በዓለም ላይ የሚሠራው ጫማ አብዛኛው እንዲህ ነው። ቀላል ነው፣ ፈጣን ነው፣ ርካሽ ነው። ማስቲሹ ጥሩ ከሆነና ሁለቱም ወገን በደንብ ከተፋቀ ለዓመታት ይይዛል። ሲላቀቅ ግን አፍ ይከፍታል፤ ሶሉ ሲያልቅም ብዙውን ጊዜ ጫማው አብሮ ያልቃል።

ሁለተኛው ብሌክ ይባላል። ላይማን ብሌክ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1858 የፈጠራ መብት ያወጣበት ማሽን ነው። ክሩ ከውጭ ሶል ተነሥቶ፣ በጫማው ውስጥ አልፎ፣ ሁሉንም በአንድ ስፌት ይይዛል። ጣሊያኖች ይወዱታል፤ ጫማውን ስስና ተጣጣፊ ያደርገዋል። ድካሙ፣ ስፌቱ ከመሬት እስከ እግር ድረስ በቀጥታ ስለሚዘልቅ ዝናብ መንገድ ማግኘቱ ነው። ሶሉን መቀየር ይቻላል፣ ግን ማሽኑ ያለው ሰው ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ዌልት ነው። በማሽን ሲሠራ ጉድይር ዌልት ይሉታል። ስሙ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ መጀመሪያ ማሽኑን ካስፋፋው ከቻርልስ ጉድይር ልጅ ነው። አባትየው ጎማን በሙቀትና በድኝ የሚያጠነክረውን ዘዴ ያገኙት ናቸው።

ዌልቱ ራሱ ጫማውን ዙሪያውን የሚከብብ ጠባብ ጠፍር ነው። ሥራው የሽማግሌ ሥራ ነው። የላይኛው ቆዳና ሶሉ እርስ በርስ አይሰፉም፤ ሁለቱም የሚሰፉት ከእሱ ጋር ነው። በአንድ ስፌት ከላዩ ቆዳ፣ ከገበሩና ከውስጥ ሶሉ ጋር ይያያዛል። በሌላ ስፌት ደግሞ የውጭውን ሶል ይይዛል። ሶሉ ሲያልቅ የሁለተኛው ስፌት ብቻ ተፈትቶ አዲስ ሶል ይሰፋል። ላዩ ጉዳዩን አልሰማም። በደንብ የተያዘ ጫማ እንዲህ እየተደረገ ሶስት አራት ሶል ሊጨርስ ይችላል።

በሁለቱ ሶሎች መካከል የሚቀረው ክፍተት በተፈጨ ቡሽ ይሞላል። ቡሹ በሰውነትዎ ክብደት ቀስ በቀስ እየተጫነ የእግርዎን ቅርጽ ይይዛል። አዲስ የዌልት ጫማ መጀመሪያ ላይ የሚያስቸግረው፣ ኋላ ላይ ግን ከእግር ጋር የተወለደ የሚመስለው በዚህ ነው። በሶሉ ወገብ ውስጥ ደግሞ ጫማው እንዳይጎብጥ የብረት ወይም የእንጨት ዘንግ ይቀበራል።

በእጅ የሚሠራው ዌልት የተለየ ዓለም ነው። በማሽኑ ጊዜ ስፌቱ የሚይዘው ውስጥ ሶሉ ላይ የተለጠፈ የሸራ ጠርዝ ነው። ስፌቱ ጠንካራ ቢሆንም የተሰፋበት ነገር በሙጫ የተያዘ ነው። የእጅ ባለሙያው ግን ወፍራም ቆዳውን በቢላ ጠርቦ መስፊያውን ከራሱ ከውስጥ ሶሉ ያወጣል። ቆልመም ባለ ወስፌ ይበሳዋል። ክሩ ከተልባ ቃጫ የተገመደ፣ በሰምና በዝፍት የታሸ ነው። ድሮ በመርፌ ፈንታ የከርከሮ ጠጉር ነበር የክሩ ጫፍ ላይ የሚታሰረው፤ በታጠፈ ቀዳዳ ውስጥ እንደልብ ስለሚታጠፍ። ሁለቱ የክር ጫፎች በአንዲት ቀዳዳ ከግራና ከቀኝ ይገቡና በሁለት እጅ ይሳባሉ። እያንዳንዱ ስፌት እንዲህ ነው። ጫማ «በእጅ ተሰፍቷል» ተብሎ ገንዘብ የሚጠየቅበት ከሆነ፣ የሚያስከፍለው ይህ ሥራ መሆን አለበት።

የቆዳ ሶልም ከላዩ ቆዳ ጋር አንድ አይደለም። የላዩ ቆዳ በአብዛኛው በክሮም ማዕድን ነው የሚለፋው፤ ቶሎ ይደርሳል፣ ለስላሳ ይሆናል። የሶል ቆዳ በዛፍ ቅርፊት ይለፋል፤ ወራት ይፈጃል። በእንግሊዝ ዴቨን አውራጃ፣ ኮሊተን የምትባል ትንሽ ከተማ ውስጥ ያለው የቤከር ፋብሪካ በኦክ ቅርፊት የሚያለፋው የሶል ቆዳ ከአንድ ዓመት በላይ ይወስዳል። በችኮላ ያልተሠራ ነገር ውድ ቢሆን አይገርምም።

ሱቅ ውስጥ ቆሜ እንዴት ልለየው?

ጫማውን ገልብጡት። ከዳር ዳሩ ስፌት ካለ ከስርም ይፈልጉት። አንዳንድ ጊዜ ከስር ጎድጎድ ባለ መስመር ውስጥ ይደበቃል፤ ግን መኖር አለበት። ከላይ ታይቶ ከስር ፈጽሞ ከሌለ፣ ወይም ስፌቱ ክር ሳይሆን የፕላስቲክ ቅርጽ ከሆነ ለጌጥ ነው። ይህ የውሸት ዌልት በጣም ተስፋፍቷል፤ ደህና ዋጋ በሚጠየቅባቸው ጫማዎች ላይም አለ።

ቀጥሎ እጅዎን ወደ ውስጥ ያስገቡ። የውስጥ መርገጫው ላይ ዙሪያውን የሚሄድ ስፌት ከዳሰሱ ብሌክ ነው። ምንም ከሌለ ዌልት ወይም ማስቲሽ ነው፤ የትኛው እንደሆነ ከውጭ ያዩት ይነግርዎታል። የመርገጫውን ስስ ሽፋን ከተረከዙ በኩል ትንሽ ቀና ማድረግ ከተፈቀደልዎ ከስሩ ያለውን ይዩ። ቆዳ ከሆነ ላብ ይመጥልዎታል። ካርቶን ከሆነ ደግሞ ላቡን ጠጥቶ አንድ ቀን ይፈረፈራል።

ገበሩንም አይርሱ። እኔ በበኩሌ ላዩ መካከለኛ፣ ገበሩ ግን ቆዳ የሆነን ጫማ፣ ላዩ ድንቅ ገበሩ ስካይ ከሆነው አስበልጣለሁ። ሙሉ ቀን ከእግር ጋር የሚውለው ገበሩ ነው። ታኮውን ከኋላ በጣት ጫን ሲያደርጉት እንዳይወዛወዝ፣ የተረከዙ ማቀፊያም ሲጫኑት እንዳይሰረጉድ ያረጋግጡ።

ቁጥሬ 42 ነው፤ ይህ አይበቃም?

ቁጥሩ ርዝመት ብቻ ነው የሚለካው። በአውሮፓ አቆጣጠር አንዱ ቁጥር ከሌላው የሚበልጠው 6.67 ሚሊ ሜትር ነው። በእንግሊዝ ደግሞ አንድ ሦስተኛ ኢንች፣ ማለትም 8.47 ሚሊ ሜትር። ሁለቱ በትክክል የማይገጥሙት ለዚህ ነው፤ «43 ማለት 9 ነው» የሚባለውም ግምት ነው። ስፋትና የእግር ጀርባ ከፍታ በቁጥሩ ውስጥ የሉም። ፎርማውም ከሠሪ ሠሪ ይለያያል።

ዋናው ነገር የእግርዎ ሰፊው ክፍል፣ ከአውራ ጣት ስር ያለው አንጓ፣ ጫማው በሚሰፋበትና በሚታጠፍበት ቦታ ላይ መዋሉ ነው። አንጓው ቦታውን ከያዘ ጣትዎ ፊት ለፊት ትንሽ ባዶ ቦታ ቢቀር አይጨነቁ። ከሰዓት በኋላ ይለኩ፤ እግር ሲውል ያብጣል። ሁለቱንም እግር ይለኩና ለትልቁ ይግዙ። «ሲለበስ ይሰፋል» የሚለውን የሻጭ ወሬ ግማሹን ብቻ ይመኑ። ቆዳ ወደ ጎን ትንሽ ይሰፋል፣ ወደ ፊት ግን አይረዝምም።

የእግርዎ ጀርባ ከፍ ያለ ከሆነ የማሰሪያውን ዓይነት ይዩ። ኦክስፎርድ የሚባለው ማሰሪያው ከፊተኛው ቆዳ ስር የተሰፋና የሚዘጋ ነው፤ ለልብስ ያምራል፣ ከፍ ያለ እግር ግን ይጨቁናል። ደርቢ ማሰሪያው ከላይ ተሰፍቶ እንደልብ የሚከፈት ነው። ለብዙዎቻችን እግር ደርቢ ይበጃል ባይ ነኝ።

ቦት ጫማ ሲሆንስ?

መመዘኛው ያው ነው፤ ሁለት ነገር ብቻ ይጨመራል። ምላሱ በግራና በቀኝ ከጫማው ጋር ተሰፍቶ ይሁን፤ አለበለዚያ ውሃና አቧራ በዚያ ይገባል። ሶሉም ለዝናብና ለጭቃ ጎማ ቢሆን ይመረጣል። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት ሚኒሶታ፣ ሬድ ዊንግ የሚባለው እ.ኤ.አ. በ1905 የተቋቋመ ፋብሪካ ብዙዎቹን ቦት ጫማዎቹን በዌልት ነው የሚሠራው፤ ሶልም ይቀይራል። በረዶ አገር ላላችሁ፣ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ቆዳን አድርቆ ይበላዋል። ማታ በእርጥብ ጨርቅ ማበስ ነው። ማሞቂያ አጠገብ ማድረቅ ግን ከጨው የባሰ ነው።

ያን ያህል ብር ማውጣት ያዋጣል?

እንደ አለባበሱ ነው። እንበል፣ በማስቲሽ የተሠራ የ4,000 ብር ጫማ ሥራ ተለብሶ አንድ ዓመት ይቆያል። የ12,000 ብር የዌልት ጫማ ደግሞ ሁለት ጊዜ በ2,000 ብር ሶል ተቀይሮለት ስድስት ዓመት ይቆያል። የመጀመሪያው በስድስት ዓመት 24,000 ይፈጃል፣ ሁለተኛው 16,000። ሂሳቡ የሚሠራው ግን ጫማውን በየቀኑ ለሚያደርግና ሶል የሚቀይርለት ሰው ላለው ነው።

በዓመት ሁለት ሰርግ ለሚሄድ ሰው ማስቲሹ ይበቃዋል። አንድ ወጥመድ ብቻ አለ። ፖሊዩሬቴን ከሚባለው ቀላል ፕላስቲክ የተሠራ ሶል ሳይለበስም ያረጃል፤ በአየር ውስጥ ያለው እርጥበት ቀስ በቀስ ይበላዋል። ለክት ተብሎ ለዓመታት ካርቶን ውስጥ የተቀመጠ ጫማ ድንገት ሰርግ ላይ እንደ ብስኩት ሲፈረፈር የምናየው ለዚህ ነው። ክት ማድረግ ካለብዎ የጎማ ወይም የቆዳ ሶል ይሁን።

ሁልጊዜ የሚያደርጉትን ጫማ ደግሞ ሁለት ቀን በተከታታይ አያድርጉት፤ የጠጣው ላብ የሚደርቅበት ቀን ይስጡት። ሊስትሮ ዘንድ ሲሄዱ ሳሙናውን እንዲቀንስና ከቀለሙ በፊት ቅባት ነክ ክሬም እንዲቀባ ይጠይቁት፤ ሳሙና የቆዳውን ቅባት አጥቦ ይወስደዋል። የታኮው ጎማ አልቆ ቆዳው መሬት ከመንካቱ በፊት ያስቀይሩት። ሶሉን መሃል ላይ በአውራ ጣት ሲጫኑት ከለሰለሰ ጊዜው ደርሷል፤ ቀዳዳ እስኪወጣ አይጠብቁ። ጫማ ሰፊው ዘንድ ሲያስረክቡት ደግሞ አንድ ነገር ደጋግመው ይንገሩት፦ አሮጌውን ሶል ሲያነሳ ዌልቱን እንዳይቆርጠው።